እጇን ያዝኩት

እሺ፣ ሰላም ናችሁ ወይ፣ ዛሬ የስራውን ጉዳይ ልጨርስላችሁ ነበር አይደል፣ እሱ ይቆየን። እቴቴ አገሯ ከገባች ሶስት ሳምንት ሆናት፣ እኔ ግን እስካሁን ከታኮ መኪናዋ መስኮት ስር አልተንቀሳቀስኩም።

ሴኞራን መቼም ታውቋታላችሁ፣ ከፌርፋክስ አለፍ ብሎ ኦሎምፒክ መንገድ ላይ መኪናዋን አቁማ ታኮ፣ ያን የሜክሲኮዎቹን ስጋ በቂጣ፣ የምትሸጠዋ። እቴቴን ማታ ወሰድኳት። "መኪና ውስጥ ወጥ ይሰራል እንዴ?" አለች። በፈረንጅ 1974 ላይ ራውል ማርቲኔዝ የሚባል ሰው እዚሁ ሎስ አንጀለስ ያንድ አይስክሬም መኪና ሆድ እቃ አውጥቶ ታኮ መሸጥ እንደጀመረ ነገርኳት፣ እሷ ግን አይኗ የሚሽከረከረው ስጋ ላይ ነው፣ "ይሄማ ሻዋርማ ነው!" እውነቷን ነው እኮ፣ ወደ ሜክሲኮ ያመጡት የሊባኖስ ስደተኞች ናቸው፣ ኋላ ግን በጉ ቀርቶ አሳማ ሆነ። አሳማ ስላት አማተበች፣ በቃ አሳዳ አዘዝኩላት፣ የበሬውን።

ቅጠሉን አሸተተችና "ድንብላል!" አለች፣ ዘመድ እንዳገኘ ሰው። ቂጣውን ስትጠይቀኝ በቆሎው በኖራ ውሃ ተቀቅሎ አድሮ እንደሚፈጭ ነገርኳት። "ኖራ? የግድግዳው?" ከዛማ እሷም ለሴኞራ አብሲት ላስረዳት አለች፣ አብሲት በስፓኒሽ ምን ይባላል፣ ዝም ብዬ ሳቅኩ።

ከዛ... ሁለተኛውን ታኮ ጠቅለል አደረገችው፣ ሎሚ ጨመቀችበት፣ በእግሯ ጣት ቆማ እጇን ወደ መስኮቱ ዘረጋች። "አፈር ስሆን፣ አንዴ" አለቻት። ባማርኛ። እኔ እጇን ያዝኩት። "እቴቴ ተይ፣ ስራ ላይ ናት።" ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሴትየዋ ጓንት አድርጋለች፣ ምን ትለናለች ብዬ።

ግን ሴኞራ ጎንበስ ብላ ነበር። ይሄን ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። መቆንጠጫውን አስቀምጣ፣ ክርኗን ጠርዙ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ ነበር፣ አይቻታለሁ። ልትጎርስ ነው? ወይስ ምን እያለች ነው ብላ ለመስማት ነው? ስንቴ አሰብኩት፣ አንዳንዴ አፏን ስትከፍት ይታየኛል፣ አንዳንዴ አይታየኝም።

የእቴቴ እጅ ትንሽ አየር ላይ ቆየ፣ የስጋው ጭማቂ በአንጓዋ ወርዶ ነጠላዋን ነካው፣ ከዛ ራሷ በላችው። ጉርሻ ዞሮ አጉራሿ አፍ ሲገባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

መኪና ውስጥ አልተቆጣችኝም፣ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቤት ልንደርስ ስንል ብቻ "ቆማ ነው የምትውለው፣ እህል ቀምሳ ይሆን?" አለች።

ባህሉ ነው ብዬ ልተወው ብል... አይ፣ እሷም እኮ በእጅ የሚበላበት ቤት ነው ያደገችው፣ ማን ያውቃል፣ እኔ ነኝ እንጂ የወሰንኩላቸው፣ ለሁለቱም።

ትናንት ሄድኩ። "ማማስ?" አለችኝ በስፓኒሽ። አገሯ ገባች አልኳት። ሳልጠይቃት ሎሚ ጨመረችልኝ። አንዱን ታኮ ጠቅልዬ ይዤው ነበር እኮ፣ እንደሷ፣ መስኮቱ ስር፣ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ማዘዝ ጀመረ፣ እሷም ወደ ምጣዱ ዞረች፣ እና እኔ... እንጃ