ብይ ቆጥረው ያሰናበቱት ፕሬዚዳንት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዛሬ ስለ ጋምቢያ ነው የማወራችሁ። ሴኔጋል ሆድ ውስጥ የተሸጎጠች፣ በወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ትንሽ አገር ናት። ያህያ ጃሜህ በፈረንጆቹ 1994 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ገና የ29 ዓመት ወጣት መኮንን ነበር። 22 ዓመት ገዛ። አላህ ካለ ቢሊዮን ዓመትም እገዛለሁ ያለው እሱ ነው።

እዚያ አገር ድምፅ የሚሰጠው በብይ ነው። አዎ፣ ልጆች ሆነን በተጫወትንበት ብይ! መራጩ አንድ ብይ ይቀበልና መጋረጃ ውስጥ ይገባል። በየእጩው ቀለም የተቀቡ በርሜሎች ተደርድረዋል። በመረጠው በርሜል ቱቦ ብይዋን ይለቃታል፤ ውስጥ ያለው ደወል ያቃጭላል። ሁለቴ ካቃጨለ ሰውየው አጭበርብሯል። ለዚህ ሲባል በዕለቱ ጣቢያው አካባቢ የብስክሌት ደወል ክልክል ነው። ቆጠራውም እዚያው፣ ሰው እያየ፣ ብዩን ቀዳዳ ባለው ገበታ ላይ እየደረደሩ ነው።

ዲሴምበር 1 ቀን 2016 ኢንተርኔት ተዘጋ፣ ሕዝቡ ግን መረጠ። የተቃዋሚዎቹ እጩ አዳማ ባሮው አሸነፈ። ጃሜህ በቴሌቪዥን፣ ስልክ ደውሎ እንኳን ደስ አለህ አለው። በሳምንቱ ቃሉን አጠፈ።

ሰበብ አላጣም። ምርጫ ኮሚሽኑ የድምር ስህተት አግኝቶ ራሱ አርሞ ነበር። ልዩነቱ ከ51 ሺህ ወደ 19 ሺህ ወረደ፤ አሸናፊው ግን ያው ነው። ዝም ቢሉ ይሻላቸው ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የየጣቢያው ቁጥር በሰው እጅ ነበር። ቢደብቁት ኖሮ ጃሜህ ያኔ እውነተኛ ሰበብ ያገኝ ነበር።

ጉዳዩን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው። ችግሩ፣ ፍርድ ቤቱ ከ2015 ጀምሮ በዳኛ እጦት ተሰይሞ አያውቅም ነበር። በራሱ ዘመን ባዶ የቀረ ወንበር ለራሱም ሳይሆነው ቀረ።

ባሮው ጃንዋሪ 19 ቀን 2017 ቃለ መሐላ የፈጸመው በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር፣ የጋምቢያ ኤምባሲ ውስጥ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ ኅብረት ከዚያ ቀን ወዲያ ጃሜህን አላውቀውም ብሎ ነበር። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር፣ የኢኮዋስ፣ ጦር ድንበር ተሻገረ። በሁለት ቀኑ ጃሜህ አገር ለቆ ወጣ፤ ማረፊያው ኢኳቶሪያል ጊኒ ሆነ።

ባሮው ሦስት ዓመት ብቻ እቆያለሁ ብሎ አምስቱን ጨረሰ። ይሄም መነገር አለበት። በ2021 ደግሞ ተወዳድሮ አሸነፈ፣ ተቃዋሚዎቹም ፍርድ ቤት ሄዱ። አቤቱታቸው በሥነ ሥርዓት ጉድለት ውድቅ ተደረገ። ቢያንስ በዚያን ጊዜ ውድቅ የሚያደርጉ ዳኞች ነበሩ።

አመሰግናለሁ።