የእንግሊዝ ይሉኝታ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ።

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ቪዛዋ ወጥቶ ለትምህርት ወደዚህ ልትመጣ ነው፤ ደስታዋ ከድምጿ ይሰማል። ስለ ልብስ፣ ስለ ቤት ኪራይ ስትጠይቀኝ ቆየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ግን እንግሊዞች እንደሚባለው እውነት ቀዝቃዞች ናቸው?» አለችኝ።

ሰሜን እንግላንድ፣ ሊድስ ከተማ ስኖር 11 ዓመቴ ነው። ይህን ጥያቄ ስንቴ እንደተጠየቅሁ አልቆጠርኩትም። ድሮ መልሴ አንድ ነበር፦ «አዎ፣ ጉርብትና አያውቁም» እል ነበር። አሁን ግን ያ መልስ ከአፌ አልወጣ አለኝ። «መልሼ እደውልልሻለሁ» ብያት ስልኩን ዘጋሁ። ዛሬ የማወራችሁ በእሷ ምክንያት ነው፤ እሷም ትሰማኛለች።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራው። እኛ በአማርኛ ሁሉንም ጠቅልለን «እንግሊዝ» እንላለን። መንግሥቱ አንድ ይሁን እንጂ ውስጡ እንግላንድ አለ፣ ስኮትላንድ አለ፣ ዌልስ አለ፣ ሰሜን አየርላንድ አለ። ሥራ ቦታ አንዲት ከስኮትላንድ፣ ከግላስጎው ከተማ የመጣች ልጅ ነበረች። አንድ ቀን «እናንተ እንግሊዞች» ስላት ፊቷ ተለወጠ። ሕዝቧ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2014 ከብሪታንያ እንገንጠል ወይስ እንቆይ ብሎ ድምፅ ሲሰጥ 45 በመቶው እንገንጠል ያለ ሕዝብ ነው። ዌልስ ብትሄዱ ደግሞ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው የሚናገረው፣ ከእንግሊዝኛ ፈጽሞ የተለየ የራሳቸው ቋንቋ አለ። ሰው በማይጠራበት ስም ሲጠሩት ምን እንደሚሰማው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት አያስፈልግም። እና እባካችሁ፣ ለስኮትላንድ ሰው እንግሊዝ አትበሉት።

ስለ ዝናቡም ብዙ ይባላል። ለንደን በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ነው የምታገኘው። አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። የእኛ ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዶፉን አውርዶ አውርዶ ለመስከረም ፀሐይ ቦታውን ይለቃል። የዚህ አገሩ ካፊያ ነው፤ ወር አይለይም። ጉሙ ደግሞ፣ ያ በየታሪኩ የምንሰማው የለንደን ጭጋግ፣ አብዛኛው የድንጋይ ከሰል ጭስ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዲሴምበር 1952 ለ5 ቀን ከተማይቱን አፍኖ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨረሰ። በ1956 የአየር ንጽሕና ሕግ ወጣ፣ ጭሱም እየቀነሰ ሄደ። ሰባ ዓመት ያህል ሆነው፤ እኛ ግን ዛሬም ለንደን ስንል ጭጋግ ይታየናል።

ይህን ሳስብ የራሳችን ነገር ትዝ ይለኛል። በ1984 በኦክቶበር ቢቢሲ የወሎንና የትግራይን ረሀብ አሳየ። በገና ሰሞን የብሪታንያና የአየርላንድ ዘፋኞች ተሰብስበው የእርዳታ ዘፈን አወጡ። በዚያ ገንዘብ ነፍስ ተርፏል፣ ይህን መቼም አልክድም። ግን ዘፈኑ እነዚህ ሰዎች ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ክርስትናን ከአራተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይዞ ስለኖረ፣ ላሊበላ ላይ ገናን ከመላ አገሪቱ ተሰብስቦ ስለሚያከብር ሕዝብ! እዚህ እንደመጣሁ አንዲት ሴት «አገርሽ አሁን ምግብ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፋት አልነበረባትም። ያየችው አንድ ሥዕል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ያሳያት የለም። ያን ቀን አልቅሻለሁ። በኋላ ግን እኔስ ስለ እነሱ ስንት ሥዕል አየሁ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

ሻይን እንኳ እንውሰድ። እንግሊዝ ማለት ሻይ ነው አይደል? ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ቡና ቤት የተከፈተው በ1652 ነው፤ ንግሥት ካትሪን ከፖርቱጋል መጥታ ዳግማዊ ቻርልስን አግብታ ሻይን በቤተ መንግሥት ያስለመደችው በ1662። ከእኛ ምድር የበቀለው ቡና በየመን አድርጎ ቀድሞ ገብቷል ማለት ነው። ነጋዴው የሚዋዋለው፣ ወሬ የሚሰማው ቡና ቤት ነበር። ሎይድስ የሚባለው የኢንሹራንስ ገበያ ራሱ ከአንድ ቡና ቤት ነው የተነሣው። ይህን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ! እዚህ ሰሜን ደግሞ «ቲ» ሲሉ ብዙ ጊዜ እራት ማለታቸው ነው። አንቺ ልጅ፣ ለቲ ከጠሩሽ በልተሽ እንዳትሄጂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሥራዬ ኬር ነው፣ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየዞርኩ እንከባከባለሁ። አንድ የ89 ዓመት አዛውንት ነበሩኝ። «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ስላቸው ሁልጊዜ መልሳቸው «ኖት ቱ ባድ» ነው። ያው፣ ክፉ አይደለም እንደማለት። ከልጃቸው ስልክ ሲመጣም፣ ጉልበታቸው አላነሣ ሲላቸውም «ኖት ቱ ባድ»። አንድ የጥር ማታ እንደወትሮው ጠየቅኋቸው፣ እንደወትሮው መለሱልኝ። መዝገቡ ላይ «ደህና ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። ያፈላሁላቸው ሻይ ግን እንዳለ ነበር። ወተቱ ላዩ ላይ ሰልቦ፣ ቀዝቅዞ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሌሊት በአምቡላንስ ተወሰዱ፤ የሳንባ ምች ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን ተረፉ። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄጄ «ምነው ሳይነግሩኝ?» አልኳቸው። «ገና ብዙ የምትሄጂበት ቤት እንዳለሽ አውቅ ነበር» አሉኝ።

ይህ ምንድን ነው? እኛ እኮ ለዚህ ነገር ስም አለን፤ ይሉኝታ እንለዋለን። ሰው እንዳይቸገርብኝ፣ ሸክም እንዳልሆን፣ ምን ይሉኛል። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው እያልን ያደግን ሰዎች፣ የእኚህን ሰውዬ ቃል እንዴት እንደወረደ እንሰማዋለን? «ኖት ቱ ባድ» ሰሙ ነበር። ወርቁ ያ ያልተነካ ኩባያ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ኩባያውን ነው።

እናቴም እንደዚያው ነበረች። በስልክ «ደህና ነኝ ልጄ፣ አታስቢ» ትለኝ ነበር። ለካ ሦስት ወር ሙሉ አልጋ ላይ ነበረች። ዘመዶቼም ሰው አገር ብቻዋን ናት ብለው ደበቁኝ። ውጭ የምትኖሩ ይህን ታውቁታላችሁ።

መርዶዬን የነገሩኝ የማኅበራችን ሰዎች ናቸው፤ አንድ እሑድ ሳይነጋ መጥተው። ቤቴ ሰው ሞላ። የማላውቀው ሐበሻ ሁሉ ከብራድፎርድ፣ ከሼፊልድ ሳይቀር መጣ። ግድግዳ የምንጋራቸው፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ እንግሊዛዊት ጎረቤቴ ግን አልመጡም። በሦስተኛው ቀን በሩን ስከፍት ደጃፉ ላይ በፎይል የተሸፈነ የመጋገሪያ ሳህን አገኘሁ። የተፈጨ ሥጋ ነው፣ ላዩ ድንች። ከሥሩ ፖስታ ነበር፣ ውስጡ ካርድ፣ ሦስት መስመር ጽሑፍ። እንዴት እንደተናደድኩ! ሐዘንተኛ ቤት ተገብቶ ይቀመጣል፣ ዝም ቢባል እንኳ ዝም ይባላል እንጂ፣ ምግብ ደጃፍ ላይ ጥሎ መሄድ ምን ይባላል? ለሰው ሁሉ አወራሁት። «አያችሁ፣ ይኸው ነው እንግሊዝ» አልኩ።

ሳህኑን ልመልስ የሄድኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ቅር እንዳለኝ ፊቴ ይናገር ነበር መሰለኝ፣ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። «ቤትሽ ሰው ሞልቶ አየሁ። ልማዳችሁን አላውቅም። በሐዘንሽ መካከል መግባት ድፍረት መሰለኝ። አራት ጊዜ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ።»

አራት ጊዜ። ግድግዳችን እኮ አንድ ነው! እኔ ከወዲህ አልመጡም ብዬ ሳዝን፣ እሳቸው ከወዲያ እንዳላስቸግራት እያሉ ይመላለሱ ነበር።

ይህን ስል ሁሉን ነገር በይሉኝታ ላልፍ አይደለም። እዚሁ ሊድስ ሄዲንግሌይ የሚባል ሰፈር አለ፤ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1879፣ በ18 ዓመቱ ያረፈው እዚያ ነው። ከመቅደላ በ1868 በሰባት ዓመቱ ተወስዶ የመጣ ልጅ። አጽሙ ዊንዘር፣ የንጉሣውያኑ ግቢ ውስጥ ነው። ይመለስ ተብሎ በተደጋጋሚ ተጠይቋል። በ2023 የብሪታንያ ቤተ መንግሥት የሰጠው መልስ ትሕትና የተሞላ ነበር፦ በአካባቢው የተቀበሩትን የሌሎች ሰዎች ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ይላል። ቃሉ ለስላሳ ነው፣ ነገሩ ግን እምቢታ ነው። በሄዲንግሌይ ባለፍኩ ቁጥር ልቤ ይከብደኛል። አንዱ ልስላሴ ፍቅር ይሸፍናል፣ ሌላው እምቢታ ይሸፍናል፤ ከላይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። እና እህቴ፣ ቀዝቃዞች ናቸው ወይ ላልሺኝ ቶሎ መመለስ ያቃተኝ ለዚህ ነው። እዚህ ሰሜን የአውቶቡስ ሹፌሩ «ላቭ»፣ ፍቅሬ እንደማለት፣ ብሎ ይጠራሻል፣ ሰዉም ሲወርድ ሹፌሩን ያመሰግናል። የዚያው ሰፈር ሰው ደግሞ ዓመት ሙሉ ጎረቤትሽ ሆኖ ስምሽን አይጠይቅሽም። ሁለቱንም ታያለሽ።

ባለፈው ኅዳር የጎረቤቴ ወንድም ሞተ። ካርድ ገዛሁ። በሕይወቴ ካርድ ጽፌ አላውቅም፤ ሦስት መስመር ለመጻፍ አንድ ማታ ፈጀብኝ። ድፎ ዳቦ ጋገርኩ። ደጃፋቸው ላይ አስቀምጬ ልሂድ ወይስ እንደ እናቴ ገብቼ ልቀመጥ ብዬ ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ አንኳኳሁና፣ ሰው ማየት ባይፈልጉ እንዳይጨነቁ ብዬ ከበሩ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብዬ ቆምኩ።

ከፈቱ። ዳቦውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እንዴት ነዎት?» አልኳቸው። «ኖት ቱ ባድ» አሉ፣ ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከበሩ ዘወር ብለው መግቢያውን ለቀቁልኝ።