«መድኃኒቱ አስቸገረኝ» ሲል እንስማው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ታካሚዎች፣ አስታማሚዎች፣ ከየቀበሌው የመጣችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ። ከባቲ ቆላ፣ ከደላንታ ደጋ ተነሥታችሁ ደሴ ድረስ ስለ መጣችሁ እናመሰግናለን።

ዛሬ የምንነጋገረው ለባይፖላርና ለሳይኮሲስ ስለሚሰጡት መድኃኒቶች ነው። ባይፖላር ማለት ስሜት ከልክ በላይ እየጋለና እየወደቀ የሚፈራረቅበት፣ ሳይኮሲስ ማለት ደግሞ የሌለ ድምፅ የሚሰማበትና መሠረት የሌለው ጥርጣሬ የሚመጣበት ሕመም ነው። ታካሚ መድኃኒቱን የሚያቋርጠው አንድም ተሽሎት፣ አንድም መድኃኒቱ ራሱ አስቸግሮት ነው። የመጀመሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለተኛውን ሲናገር ግን «ሕመሙ ነው የሚያናግረው» እየተባለ ይታለፋል። ይህ ትልቅ በደል ነው። አብዛኛው የጎንዮሽ ጉዳት በጊዜ ከተነገረ መፍትሔ አለው፤ ሳይነገር ሲቀር ነው ኪኒኑ ፍራሽ ሥር የሚደበቀው።

ሃሎፔሪዶልን የመሰለ መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ አንገት ሊጠመዘዝ፣ ዓይን ወደ ላይ ሊሰቀል፣ መንጋጋ ሊቆለፍ ይችላል። ያየ ሰው ሁሉ ይደነግጣል፤ ጂን ነው፣ ዛር ነው ይባላል። የጡንቻ መኮማተር ነው። ወዲያው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አድርሱት፤ ተገቢው መርፌ ሲሰጠው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይለቀዋል። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካቃተው አንዲት ደቂቃ አትዘግዩ።

ከዚህ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ብዙ ሰው የማያውቀው መቁነጥነጥ ነው። ታካሚው መቀመጥ አይሆንለትም። እግሩን ያወዛውዛል፣ ይነሣል፣ ግቢውን ይዞራል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሣል። ቡና ተፈልቶ ከአቦል እስከ በረካ መቆየት ያቅተዋል። «ውስጤ ይፈላል» ይላል። ቤተሰብ ሕመሙ ያገረሸ ይመስለዋል፤ ቸኩሎ የሚያይ ባለሙያም መጠኑን ይጨምራል፤ መጠኑ ሲጨምር ጭንቀቱ ይብሳል። ራስን ለማጥፋት እስከ ማሰብ የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ባለሙያዎች ሆይ፣ መጠን ከመጨመራችሁ በፊት ጠይቁ፦ መቁነጥነጡ የጀመረው መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም ከተጨመረ በኋላ ነው? የሚቸግረው ሐሳቡ ነው ወይስ እግሩ? መልሱ ወደ መድኃኒቱ ካመለከተ መጠኑን መቀነስ፣ መድኃኒቱን መለወጥ ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚባል መድኃኒት መጨመር ይቻላል። አርቴን የሚባለው ኪኒን ከእነዚህ መድኃኒቶች ለሚመጣ መንቀጥቀጥና መገታተር ይረዳል፤ ለዚህኛው ግን ያን ያህል አይደለም። አርቴን ራሱም አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ያስረሳል።

ኦላንዛፒን የሚወስድ ሰው ረኃቡ ይበረታል፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊወፍር ይችላል። ሲጀመር ክብደቱ ይለካ፣ ስኳሩ ይታይ፤ ኋላም በየጊዜው ይደገም። ሪስፔሪዶን የወር አበባ ሊያስቀር፣ ያልወለደችን ሴት ጡት ወተት ሊያስመጣ፣ በወንድም በሴትም የግብረ ሥጋ ፍላጎት ሊቀንስ ይችላል። ይህን በሰው ፊት ማንም አይናገርም። አስታማሚውን ወጣ አድርጋችሁ፣ ለብቻ ጠይቁ።

ለሴቶች አጥብቀን የምንናገረው አለ። ለባይፖላር የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮዬት በፅንስ ላይ ከባድ የአፈጣጠር ጉድለት ሊያስከትል ይችላል፤ መውለድ ለምትችል ሴት ሌላ አማራጭ እያለ ሊጀመርላት አይገባም። እየወሰደች ያረገዘች ካለች በራሷ አታቁም፤ በዚያው ሳምንት ለሐኪሟ ትንገር። ካርባማዜፒን ደግሞ በአፍ የሚወሰደውንና ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ያዳክማል። ስለዚህ የቤተሰብ ምጣኔ የምትሰጡ እኅቶች፣ «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ሳትሉ አትስጡ።

ወደ ጾም እንምጣ፤ ወሎ ውስጥ ረመዳንም ዐቢይ ጾምም የሁላችን ቤት ናቸው። ሪስፔሪዶንና ኦላንዛፒን ብዙ ጊዜ በቀን አንዴ፣ ማታ ከአፍጥር በኋላ መውሰድ ይቻላል፤ ይህ የሚስተካከለው ግን ከሐኪም ጋር፣ ረመዳን ከመግባቱ ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ለባይፖላር የሚሰጠው ሊቲየም ግን ሌላ ነው። በቆላው ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ መዋል፣ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ለራስ ምታት ብሎ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ መዋጥ የሊቲየሙን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ያደርገዋል። በተለምዶ የሚፈለገው በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው፤ ደሙም የሚቀዳው የመጨረሻው ኪኒን ከተወሰደ 12 ሰዓት ሲሞላው ነው። እጅ በኃይል ሲንቀጠቀጥ፣ አነጋገር ሲኮላተፍ፣ አካሄድ ሲንገዳገድ፣ ቀጣዩን ኪኒን ሳትሰጡ ሆስፒታል ውሰዱት። ቁርኣን ለሕመምተኛ ጾምን አቅልሎለታል፤ የንስሐ አባትም ለታመመ ይፈቅዳሉ። ሼኮቻችንና ካህናቶቻችን ይህን ቢነግሩልን ከእኛ ቃል በላይ ይሰማል። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ኪኒኑም አብሮ ይቀጥል። ባይፖላር ያለበት ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ አይንቃ፤ እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ማኒያን፣ ማለትም ከልክ ያለፈውን የስሜት መጋል፣ ሊቀሰቅስ ይችላል። ጫትም እንዲሁ፤ እንቅልፍ ይነሣል፣ ድምፅ መስማቱንና ጥርጣሬውን ያባብሳል።

«መቼ ነው የሚበቃኝ?» ተገቢ ጥያቄ ነው። እንቅልፉና መረበሹ በቀናት ሊሻል ይችላል፤ ድምፁና ጥርጣሬው ግን ሳምንታት ይፈልጋሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይኮሲስ የያዘው ሰው ፈጽሞ ከተሻለው በኋላ ቢያንስ 12 ወር፣ ባይፖላር ያለበት ከመጨረሻው ሕመም በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት ይወስዳል። ከዚያ ማቆም ይታሰብ ከተባለ ቀስ በቀስ፣ በወራት፣ በሐኪም እጅ ነው። በወር የሚወሰደው የፍሉፌናዚን መርፌ ኪኒን ለሚረሳ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ከተወጋ በኋላ ለሳምንታት ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ፣ ጉዳት ቢያመጣ ወዲያው አይወጣም። አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ መንገድ ተዘግቶ፣ መድኃኒት ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል ይህ ሕዝብ አይቷል። ስለዚህ ቀጠሮ የሚያዘው ኪኒኑ ከማለቁ ከሁለት ሳምንት በፊት እንዲሆን ጠይቁ። የመድኃኒቱን ስም፣ ሚሊግራሙንና ሰዓቱን ካርድ ላይ አጽፋችሁ ያዙ፤ «ነጯ ኪኒን» ማለት ሌላ ከተማ ላለ ሐኪም ምንም አይነግረውም።

አንድ አደጋ እንጨምር። ከፍተኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነትና መደናገር በአንድነት ከመጡ ነገሩ ገዳይ ሊሆን ስለሚችል መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።

አሁን የምትወስዱትን ኪኒን የያዛችሁ አውጡት፤ ባለሙያዎቻችን በየረድፉ እየመጡ ስሙንና መጠኑን አብረዋችሁ ያያሉ፣ የሚያስቸግራችሁንም ለየብቻ ይሰማሉ።