ማድ ቤቱን ማን ቆረጠው?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ለንባብ ሳምንታችን መዝጊያ «አጭር ልቦለድን እንዴት እናስተምር» በሚል ርዕስ ሦስት ነጥብ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ሦስቱንም ጽፌ መጥቻለሁ። አንደኛው ላይ ግን ትንሽ እቆያለሁ። እኔ «ትንሽ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ።

ዘንድሮ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጋር የሱዛን ግላስፔልን «የእኩዮቿ ሸንጎ» ለማንበብ ተነሳን። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1917 አሜሪካ የታተመ ታሪክ ነው። ጆን ራይት የሚባል ገበሬ አልጋው ላይ በገመድ ታንቆ ተገኝቷል። ሚስቱ ሚኒ ታስራለች። ሸሪፉ፣ የአካባቢው ሕግ አስከባሪ ማለት ነው፣ እና ዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ ፍለጋ ቤቱን ላይ ታች ይላሉ። የሸሪፉ ሚስትና አንዲት የጎረቤት ሴት ደግሞ ማድ ቤት ቁጭ ብለዋል።

ወንዶቹ የሚፈልጉት ነገር ያለው እዚያ ነው። ጠረጴዛው ግማሹ ተወልውሏል፣ ግማሹ እንደቆሸሸ ነው። የስኳሩ ባልዲ አልተከደነም፤ አጠገቡ ያለው ከረጢት ግማሽ ድረስ ጎድሏል። ሚኒ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የምትሰፋው የአልጋ ልብስ ስፌቱ ልቅም ያለ ነው። የመጨረሻው ቁራጭ ጋ ሲደርስ ዝብርቅርቅ ይላል። ጎረቤቷ መርፌ አንስታ ያንን ስፌት ተርትራ ታስተካክለዋለች። ከዚያ ከመስፊያ ቅርጫቱ ውስጥ አንዲት ሳጥን ትወጣለች። በሐር ጨርቅ የተጠቀለለች፣ አንገቷ የተጠመዘዘ ወፍ አለችባት። ሴቶቹ ወፏን ባልየው እንደገደላት፣ ሚኒም ለዚያ እንደተበቀለችው ይገምታሉ፤ ወፏን ከወንዶቹ ይደብቃሉ።

እኔ ክፍል ገብቼ «እሺ፣ ምን ተሰማችሁ?» አልኩ። ዝም። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይቺ ወፍ ከየት መጣች?»

ወረቀቷን ተቀብዬ አየሁት። ከገጽ 4 ወደ ገጽ 11 ይዘላል። የፎቶ ኮፒው ልጅ ስህተት መሰለኝና ወረድኩ። «አይ ቲቸር፣ ከላይ ነው እንዲህ ሆኖ የመጣው» አለኝ። ወደ ላይ ወጣሁ። እዚያ ስብሰባ ላይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ስም አልጠራም። «ወረቀት ተወዷል። ያወጣነው የዕቃ ገለጻ ብቻ ነው። ፈተና ላይ አይመጣም» ተባልኩ።

የዕቃ ገለጻ! ሸሪፉም እኮ ያለው ይህንኑ ነው። ማድ ቤቱን ገረፍ አድርጎ አይቶ፣ ከድስትና ከምጣድ ሌላ ምንም የለም ብሎ፣ ፈገግ ብሎ ፎቅ ወጣ። እኛም ተከትለነው ወጣን!

ግላስፔል ይህን ከሜዳ አላፈሰችውም። በ1900 መጨረሻ አዮዋ በምትባል የአሜሪካ ክፍለ ግዛት ውስጥ ጆን ሆሳክ የሚባል ገበሬ አልጋው ላይ በመጥረቢያ ተመትቶ ሞተ። እሷ ያኔ የዴስ ሞይንስ ጋዜጣ ወጣት ዘጋቢ ነበረች፤ ጉዳዩን ተከታትላ ጻፈች። ሚስቱ ማርጋሬት በ1901 ጥፋተኛ ተብላ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ፈራጆቹ፣ ጁሪው ማለቴ ነው፣ ከሕዝብ ተመርጠው ጥፋተኛ ናት ወይም አይደለችም የሚሉት፣ በሙሉ ወንዶች ነበሩ፤ ያኔ እዚያ ሴት በዚህ ወንበር ላይ አትቀመጥም ነበር። የታሪኩ ርዕስ የሚያሾፈው በዚህ ነው። በ1902 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። በ1903 በድጋሚ ስትዳኝ ጁሪው መስማማት አቃተው። እሷም ወደ ቤቷ ሄደች።

የጎደሉትን ገጾች በራሴ ኪስ አሳተምኩ። ኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ቃል ያልተነፈሰ ልጅ ተነሳ። «ቲቸር፣ እናቴ ስልክ ቢደወልላት እንኳ ጠረጴዛ ግማሹን ወልውላ አትተውም። ይቺ ሴትዮ የሆነ ነገር መጥቶባታል» አለ። መርማሪው እሱ ነው! ሴቶቹ ወፏን መደበቃቸው ልክ ነው ወይ ስል ደግሞ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እኔ ራሴ እስካሁን አልቆረጠልኝም።

ወረቀት እንቆጥብ ከተባለ የምርጫ ጥያቄዎቹን ቁረጡ! ሦስት ገጽ ሙሉ «አይረኒ ማለት፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ» የሚለውን ቁረጡ! ታሪኩን አትንኩብን!

ሁለተኛው ነጥቤ ክፍል ውስጥ ጮክ ብሎ ስለማንበብ ነው። አንብቡላቸው፣ በቃ። ሦስተኛው ስለ አዲስ ቃላት ነበር፤ ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፣ መድረክ መሪው እያየኝ ነው።

ስድስቱ ገጾች በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ስትወጡ አንዳንድ ኮፒ ውሰዱ። አመሰግናለሁ።