ስሙ ያለው ከረጢቱ ውስጥ ነው፦ ስለ ወሎ ደጋ ግጫ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ደጋው ጨፌ ዕፅዋት ያወራን ዕለት ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓቱ አልቆ መልስ ያላገኙ አራት ጥያቄዎች ነበሩ። እነሱን እዚህ ልመልስ።

ከደላንታ የደወሉ እናት፦ «ልጄ፣ እኛ አገር ከላይ ምንጩ አፍ ላይ የሚበቅል አለ። ግጫ እንለዋለን። እጅ ይቆርጣል። ሣር ነው ወይስ ቄጤማ?»

እናቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። መልሱን በእጅዎ ያገኙታል። አገዳውን ወደ ሥሩ ጠጋ ብለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው ያሽከርክሩት። ሣር ከሆነ ድቡልቡል ስለሆነ ልስልስ ብሎ ይዞራል። የቄጤማ ዘመድ ከሆነ ግን ጣትዎ ላይ ይንገጫገጫል። አገዳው ባብዛኛው ሦስት ማዕዘን ነውና።

ከዚያ አንጓውን ይፈልጉ። ሣር እንደ ስንዴ አገዳ አንጓ አንጓ አለው፤ ውስጡም ብዙውን ጊዜ ክፍት ነው። የቄጤማ ወገን ጉልህ አንጓ የለውም፤ ውስጡም ድፍን ነው። የሣር ቅጠል ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ይወጣል። የዚህኛው በሦስት ረድፍ ነው። እጅ የሚቆርጠው ደግሞ የቅጠሉ ጠርዝ ነው። እንደ መጋዝ ጥቃቅን ጥርስ አለው።

እነዚህን ካገኙ ግጫዎ የሚዛመደው ከቄጤማ ጋር ነው። ለዱዓ ቡና ሲፈላ ቤት ከሚጎዘጎዘው፣ ቅዳም ሹር ቀን ካህናቱ ከሚያድሉትና ራስ ላይ ከሚታሰረው ቄጤማ ማለቴ ነው። ቤተሰቡ ሰፊ ነው። በዓለም ላይ 5500 ያህል ዝርያ አለው።

ከደሴ የደወለ ተማሪ፦ «ጋሼ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ያነሳሁትን ፎቶ በቴሌግራም ልኬያለሁ። የስልኬ አፕ አንዴ አንድ ስም፣ አንዴ ሌላ ስም ይሰጠኛል። ስሙ ማን ነው?»

ወንድሜ፣ ፎቶህን ደጋግሜ አየሁት። ረግረጉ ላይ እንደ ጉብታ ጉች ጉች ብሎ የበቀለ ነው። ከጀርባው ጅብራው ይታያል። ደስ ያለኝ ግን የአገዳው ጫፍ ነው። እያንዳንዱ አገዳ አንዲት ነጠላ ዛላ ብቻ ነው ያለው።

ከቄጤማ ቤተሰብ፣ ካሬክስ የሚባለው ወገን ውስጥ አንድ የተራራ ዝርያ አለ። ሞኖስታኪያ ይሉታል፤ «ነጠላ ዛላ» ማለት ነው። ከዛላው ላይኛው በኩል ወንዴ አበባዎች፣ ከታች ሴቴዎቹ ይቀመጣሉ። በእኛ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ከፍተኛ ተራሮች ረግረግ ላይ ይገኛል። የአንተ እሱን ይመስላል። ግን ይመስላል ማለት ነው ማለት አይደለም። ካሬክስ በዓለም ላይ ወደ 2000 የሚጠጋ ዝርያ አለው፤ ነጠላ ዛላ ያላቸውም ብዙ ናቸው። ስለዚህ በፎቶ ብቻ አልፈርምልህም።

የካሬክስ መለያው ከረጢቱ ነው። ሴቴዋ አበባ በጥቃቅን ከረጢት ተሸፍና ነው የምታድገው። ከረጢቷ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። አፏ ላይ ቀጫጭን ክሮች ብቅ ይላሉ። ሁለት ናቸው ወይስ ሦስት? ሁለት ከሆኑ ውስጥ ያለችው ፍሬ እንደ ምስር ጠፍጣፋ ናት። ሦስት ከሆኑ ፍሬዋም ሦስት ማዕዘን ናት። ከረጢቷ ጸጉር አላት? ደም ሥር የመሰለ መስመርስ? አፏ ሹል ነው ወይስ ደብዛዛ? ዝርያ ከዝርያ የሚለየው በዚህ ነው። የትኛውም የስልክ ካሜራ ከሩቅ አንስቶ ይሄን አያሳይህም።

እኔም የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። ከዓመታት በፊት ጦሳ ተራራ ላይ አንድ ያማረ ካሬክስ አግኝቼ ቸኩዬ ነቀልኩት። አዲስ አበባ ወስጄ ማጉያ ሥር ሳየው ዛላው ገና ለጋ ነው። ፍሬ የለውም። ወረቀቱ ላይ «ካሬክስ» ብቻ ተጽፎ ቀረ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አብሽር፣ አንተ አትቸኩል። ዛላው ሲጠና ተመለስ። ከሥሩ ጋር በቢላ ፈልቅቀህ አውጣ። የሥሩና የታችኛው ሽፋን ቀለም ወሳኝ ነው፤ አገራችን ውስጥ «ቀይ ሥር» ተብሎ የተሰየመ ካሬክስ አለ። በጋዜጣ መሀል አጋድመህ ክብደት ጫንበት፤ ጋዜጣውን በየቀኑ ቀይር። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ መሬቱ ውኃ ያቆረ መሆኑን እዚያው ቆመህ ጻፍ። ቤት ገብቼ እጽፋለሁ ያልከው ይጠፋል። ብዙ አትንቀል፤ ቦታው ጥብቅ ስለሆነ ደግሞ ቀድመህ ፈቃድ ጠይቅ። ከዚያ አራት ኪሎ ብሔራዊ ሐርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚቀመጥበት ቤት፣ ውሰደው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ 6ኛ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ የቄጤማውን ቤተሰብ የጻፈው ኖርዌያዊው ካሬ ሊዬ ነው። መዝገቡ «የወሎ ደጋ» የሚል የራሱ ክልል አለው። የአንተ ናሙና እዚያ ስር የሚገባ ማስረጃ ነው፤ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ።

ከመቄት የደወሉ አባት፦ «የኛን ሣር ፈረንጅ ለምን ይሰይመዋል? ስሙንስ ለምን ይለዋውጠዋል?»

አባቴ፣ ጥያቄዎ ያሳምመኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰብስበው የወሰዱት አውሮፓውያን ስለነበሩ ስሙም እዚያው ወጣለት። ከካሬክስ ዝርያዎች ስም ሲሜንሲስ ከሰሜን ተራራ፣ ስቶይድነሪ ከጀርመናዊው ተጓዥ ከስቶይድነር የመጣ ነው። ፔቲቲያና ደግሞ የፈረንሳዊው ፔቲት መታሰቢያ ነው። ሰውየውን ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። መንገዱን የመራው፣ ቦታውን ያሳየው ያገሬው ሰው ግን ስሙ አልተጻፈም። አሁን ናሙና ስንሰበስብ ያገሩን ስም አብረን እንጽፍ የምለው ለዚህ ነው። ግጫ ብለው ከነገሩኝ ግጫ ብዬ እጽፋለሁ።

የስም ለውጡ ከዘር ምርመራ የመጣ ነው። ዲኤንኤው ሲታይ ለብቻ የተቀመጡ ወገኖች የካሬክስ ልጆች ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ካሬክስ ተጠቃለሉ።

ከቦሩ ሜዳ የደወለች እህት፦ «ጨፌውን በቦይ አጠንፍፈን ብንዘራበትስ?»

እህቴ፣ ከእርሻ በፊት አንድ ቀን አካፋ ይዘሽ ውጪ። ከግጫው ሥር አንድ ክንድ ቆፍሪና ያወጣሽውን አፈር በእጅሽ ጭመቂው። ሥሩና ሳይበሰብስ የቆየው ቅጠል እንደ ስፖንጅ ውኃ ይዞ ታገኚዋለሽ። ቦይ ሲወጣለት ያ ውኃ ይሄዳል፤ አፈሩ ይደርቅና ይሰምጣል። በጋ ላይ ከታች ያለው ምንጭ መቅጠኑ አይቀርም። መዝራት ካለባችሁ ዳር ዳሩን እረሱ። የምንጩን ዙሪያና ጉብታ ጉብታ ያለበትን መሀሉን ግን አትንኩት። ለበዓል ቄጤማ ስታጭዱም ከሥሩ አትንቀሉ፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ እጨዱት፣ ተመልሶ ያቆጠቁጣል።