ፓክማን ቤት ሲገባ ምን ነካው?

እሺ፣ ፓክማንን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም፣ አፍ ብቻ የሆነ ቢጫ ነገር ነጥብ እየለቀመ አራት ጎስቶች፣ ማለት መናፍስት፣ የሚያባርሩት። በፈረንጆቹ 1980 ጃፓን ውስጥ ናምኮ የሚባል ድርጅት ነው ያወጣው፣ ዲዛይኑ የቶሩ ኢዋታኒ ነው፣ አሜሪካ ላይ ሚድዌይ አከፋፈለው፣ ከዛ ሁሉም ሰው ያንን ሳንቲም የሚበላ ሳጥን፣ አርኬድ የሚሉትን፣ ቤቱ ማስገባት ፈለገ።

ችግሩ ቤት ሲገባ ሌላ ጌም መሰለ። ብዙ ሰው "የድሮ ኮምፒውተር ቀርፋፋ ስለሆነ ነው" ብሎ ያልፈዋል፣ ግን እስቲ ይቺን ስሙኝ፣ የአርኬዱ ፕሮሰሰር፣ ማለት ስሌቱን የሚሰራው ቺፕ፣ ዜድ80 ነው፣ ፍጥነቱ ወደ 3 ሜጋኸርዝ፣ እንግሊዝ ውስጥ በ1982 የወጣው ዜድኤክስ ስፔክትረም የሚባል የቤት ኮምፒውተርም ያው ዜድ80 ነው ያለው፣ እንደውም 3.5 ሜጋኸርዝ፣ ይበልጣል! ሆኖም ስፔክትረም ላይ ፓክማን መስራት ራስ ምታት ነው።

ለምን በሉኝ። አርኬዱ ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ነገሮችን ብቻ የሚስል ለብቻው የተሰራ ሰርኪዩት አለ፣ ፕሮሰሰሩ "ቀዩ ጎስት እዚህ ጋ ነው" ካለ በቃ፣ ሌላውን ሰርኪዩቱ ይጨርሰዋል፣ ጎስቱ ዞር ሲልም ከስር የነበረው ነጥብ እንዳለ ይገኛል። እንዲህ በሰርኪዩቱ የሚሳሉትን የሚንቀሳቀሱ ነገሮች ስፕራይት ይሏቸዋል። ስፔክትረም ስፕራይት የሚባል የለውም፣ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ራሱ ጎስቱን ስሎ፣ አጥፍቶ፣ የተሸፈነውን ነጥብ መልሶ፣ ትንሽ ፈቀቅ አድርጎ እንደገና ይስላል፣ ለአራቱም ጎስትና ለፓክማን፣ በየደቂቃው ሳይሆን በየሰከንዱ ደጋግሞ። ቀለሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ስክሪኑ 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ተከፋፍሎ አንዱ ካሬ ሁለት ቀለም ብቻ ነው የሚይዘው፣ ሮዟ ጎስት ሰማያዊ ግድግዳ ተጠግታ ካለፈች አንዳቸው የሌላውን ቀለም ይለብሳሉ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማሽን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ አምስት ነገር፣ አራቱን ጎስቶችና ፓክማንን፣ በስፕራይት ማንቀሳቀስ ይችላል ወይ?

ኮሞዶር 64 ፍጥነቱ 1 ሜጋኸርዝ ገደማ ብቻ ነው፣ ግን 8 ስፕራይት አለው፣ አምስቱን ይዞ ሦስት ይተርፈዋል። አታሪ 400 እና 800 ላይ ያለው ነገር ደግሞ ያስቀኛል፣ አራት ስፕራይት አላቸው፣ አንድ ጎደለ ስትሉ አራት ቀጫጭን የጥይት ስፕራይቶች አሉ፣ እነሱን አጠጋግታችሁ አንድ ቀለም ስትሰጧቸው አምስተኛ ይወጣቸዋል። ለፓክማን የተሰራ ነው የሚመስለው፣ ግን ማሽኑ ከጌሙ በፊት በ1979 ነው የወጣው።

አሁን ወደ ታዋቂው ጥፋት፣ ኮምፒውተር ሳይሆን ኮንሶል፣ ማለት ከቲቪ ጋር የሚገናኝ የጌም ማጫወቻ ቢሆንም ሳላነሳው አላልፍም፣ አታሪ 2600። ሁለት ስፕራይት፣ 128 ባይት ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ)፣ ኪሎባይት አላልኩም፣ ባይት! ቶድ ፍራይ የሚባል ፕሮግራመር ይሄን ሁሉ 4 ኪሎባይት ካርትሪጅ፣ ማለት ማሽኑ ላይ የሚሰካው የጌም ካሴት፣ ውስጥ ከተተው። አራቱ ጎስቶች ተራ ገብተው ነው የሚሳሉት፣ እያንዳንዱ ስክሪኑ አራቴ ሲሳል አንዴ ብቻ፣ ለዛ ነው ብልጭ ድርግም የሚሉት። በ1982 ወጥቶ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፣ ተሰደበም። እኔ ፍራይ ላይ አልፈርድም፣ ምክንያቱም በ1983 በዛው ማሽን ላይ በጣም ያማረ ሚስ ፓክማን፣ የፓክማን ተከታይ ጌም፣ ሲወጣ ካርትሪጁ 8 ኪሎባይት ነበር፣ እጥፍ ቦታ ነው የተሰጣቸው።

ሌላው ሁሉንም የነካ ነገር የስክሪኑ ቅርጽ ነው፣ አርኬዱ ቁመት፣ የቤት ቲቪ ወርድ፣ ስለዚህ ሜዙ፣ ፓክማን የሚሮጥበት የመንገድ ካርታ፣ ወይ ይጨፈለቃል ወይ ተቀይሮ ይሳላል። በዛ ምክንያት አርኬድ ላይ በቃላችሁ የያዛችሁት መንገድ እቤት አይሰራም።

ፓክማንን ለቤት የመሸጥ መብቱን የያዘው የአታሪ ማሽኖች ሰሪ አታሪ ስለነበር የሚመስል ጌም የሰራን ሁሉ ማሳደድ ጀመረ። ጆብሬከር በሚባል ፓክማን መሳይ ጌም ላይ በ1981 ዳኛው እገዳ አልሰጥም አሉት፣ በ1982 ግን ኬሲ መንችኪን የሚባለውን የፊሊፕስ ጌም ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አሳገደለት። በዚህ መሀል አፕል 2 ላይ ብራያን ፊትዝጄራልድ የሚባል ልጅ ታክስማን የሚል ኮፒ ሰርቷል፣ አፕል 2 ደግሞ እንደ ስፔክትረም ስፕራይት የለውም፣ 1 ሜጋኸርዝ ነው፣ ሁሉም በእጅ የሚሳል ነው፣ እና ልጁ ፍስስ አድርጎ አስኬደው። አታሪም ኮፒ ነው ብሎ ከተነሳበት በኋላ ያንኑ ታክስማን ወስዶ፣ ስሙን ፓክማን ብሎ፣ ኦፊሴላዊ የአፕል 2 ቨርዥን አድርጎ ሸጠው።