ደንባራ ፈረስ ከግንዱ ፊት

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ወሬያችን ስለ ደንባራ ፈረስ ነው፤ በተለይ ክሮስ ካንትሪ ላይ፣ ማለትም በአገር አቋራጭ ዝላይ፣ ቢነካው የማይወድቅ መሰናክል ፊት ሲደርስ ስለሚጨነቀው ፈረስ። በታጠረ ሜዳ ውስጥ ቀለም የተቀባ አግዳሚ ያለ ችግር የሚዘል ፈረስ፣ ገላጣው ሜዳ ላይ ሲወጣ ሌላ ፈረስ ይሆናል። ግንዱ ግዙፍ ነው፣ ጉድባው ጥቁር ነው፣ ጓደኞቹም ከኋላ ቀርተዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገና ፍርሃቱን ሲለይ ነው። መሰናክሉን ሲያይ አንገቱን ሰቅሎ፣ ልጓሙን ነክሶ የሚፈተለከውን ፈረስ "ደፋር ነው፣ ዝላይ ይወዳል" ይሉታል። እኔ እዚያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው የሚታየኝ። ጀርባው ደርቋል፣ እርምጃው አጥሯል፣ ጅራቱ ይወራጫል፣ ፋንድያው ቀጥኗል። የሚሮጠው ከጭንቀቱ ቶሎ ለመገላገል ነው። ቆሞ እምቢ የሚለውም፣ ተፈትልኮ የሚሄደውም የሚያስፈልጋቸው አንድ ነገር ነው፦ አይተው የሚረዱበት ጊዜ።

ከልምምዱ በፊት ግን ሕመም እንደሌለ አረጋግጡ። ኮርቻው ትከሻውን ሊጫነው፣ ጥርሱ ሾሎ ጉንጩን ሊወጋው፣ ጨጓራው ሊቆስል፣ ሰኮናው ሊያመው ይችላል። ደህና ሲዘል ቆይቶ በድንገት እምቢ ያለ ፈረስ፣ ዓይኑ ሳይቀር በእንስሳት ሐኪም ይታይ። የሚያመውን ፈረስ ማለማመድ ዝላይ ማለት ሕመም እንደሆነ ማስተማር ነው።

አሁን ስለ ዕይታው። የፈረስ ዓይኖች ከራሱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ ከግንባሩ ፊት ግን የማያይበት ጠባብ ቦታ አለ። ርቀት የሚመዝነው ራሱን ከፍና ዝቅ እያደረገ ነው። ዛቡን አጥብቃችሁ ራሱን ካሰራችሁበት መለኪያውን ነጠቃችሁት ማለት ነው። ከደማቅ ፀሐይ ወደ ዛፍ ጥላ ሲገባም ዓይኑ ከእኛ ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው። ስለዚህ የመጀመሪያው ግንድ በገላጣ ቦታ ላይ ያለ ይሁን።

የመጀመሪያውን መሰናክል መምረጥ ከግማሽ በላይ ሥራው ነው ብዬ አምናለሁ። ከ30 እስከ 40 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው፣ ክብ፣ ወፍራም፣ ሰፊ ግንድ ፈልጉ። ከግንዱ ሥር መሬቱ ላይ ሌላ ቀጭን እንጨት ቢኖር ፈረሱ የሚነሳበትን ቦታ ለመመዘን ይረዳዋል። አቀራረቡ ትንሽ ሽቅብ ቢሆን፣ አቅጣጫውም ወደ መግቢያው በር ወይም ወደ ሌሎቹ ፈረሶች ቢሆን ይመረጣል። ቁልቁል የሚቀረቡ፣ ሥራቸው ክፍት የሆነ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ጠባብ የሆኑ መሰናክሎች ለሌላ ቀን ይቆዩ። ከፍታው ዝቅ ያለበት ምክንያት ፈረሱ ፊቱ ቢቆም እንኳ ሳይዞር፣ ከቆመበት ተራምዶ እንዲያልፈው ነው።

ጋላቢው የራስ መከላከያና የደረት መከላከያ ያድርግ፤ እርካቡንም ከወትሮው በሁለት ወይም በሦስት ቀዳዳ ያሳጥር። በፈረሱ አንገት ዙሪያ የሚታሰረውን ጠፍር እንዳትረሱ። ደንባራ ፈረስ 40 ሴንቲሜትሩን አንድ ሜትር አድርጎ ይዘለዋል። ጋላቢው ወደ ኋላ ሲቀር እጁ ዛቡን ይጎትታል፤ ልጓሙ አፉን ይመታዋል። እንዲህ ያለ አንድ ምት የሳምንታት ልፋት ያበላሻል። ጠፍሩን የያዘ እጅ ግን አፍ አይጎትትም።

15 ወይም 20 ደቂቃ በእርምጃና በሶምሶማ አፍታቱት። ከዚያ በእርምጃ ወደ ግንዱ አምሩ። ሲቆም ይቁም፣ ያሽትት። ጊዜ ስጡት፣ መውጫ ግን አትስጡት። ሁለቱም እግሮቻችሁ ጎኑ ላይ ይሁኑ፤ እጆቻችሁን ከፈት አድርጉ፤ ዓይናችሁ ከግንዱ ማዶ ባለ ዛፍ ላይ ይረፍ። ወደ ኋላ ካለ ብቻ እግራችሁን ጠበቅ አድርጉ። እንደምንም ቢሻገር፣ አኳኋኑ ባያምርም፣ ወዲያው ዛቡን ለቀቅ አድርጋችሁ አንገቱን አሹት። ደጋግሙት። ግንዱ ሲሰለቸው ወደ ሶምሶማ፣ ሶምሶማው ሲሰለቸው ወደ ደንገላሳ።

ልምድ ያለው መሪ ፈረስ ካገኛችሁ ብዙ ያግዛል። ርቀቱ የሦስት ፈረስ ርዝመት ያህል ይሁን። በጣም ከቀረበ ተከታዩ መሰናክሉን ሳያየው ይደርስበታል፤ በጣም ከራቀ ደግሞ መሪ እንዳለው ይረሳል። ቀጥሎ ርቀቱን አስፉ፤ ከዚያ መሪው ከማዶ ቆሞ ይጠብቀው፤ በመጨረሻ ብቻውን ይሂድ። ይህን ማላቀቅ የተወ ሰው የሌላ ፈረስ ጭራ ብቻ የሚከተል ፈረስ ይተርፈዋል። መሪው ራሱ የሚቆም ከሆነ ግን ባይኖር ይሻላል።

ጉድባ ላይ ቆም እንበል፤ ፈረስ ብቻ ሳይሆን ሰውም የሚፈራው እሱን ነው። ጋላቢው ወደ ጉድጓዱ ሲመለከት ክብደቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ትከሻው ይጎብጣል፤ ፈረሱም ይቆማል። ቀና ብላችሁ ተቀመጡ፣ ማዶ ተመልከቱ። መጀመሪያ ስፋቱ ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር የሆነ፣ ደረቅ ጉድባ ይበቃል። እሱም ካስፈራው የፕላስቲክ ሸራ አጥፋችሁ በሁለት አግዳሚዎች መካከል መሬት ላይ አንጥፉ፤ ሲለምደው በየጊዜው ትንሽ ትንሽ አስፉት።

ውሃ ሌላ ነው። በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ጥልቀቱ ከ35 ሴንቲሜትር አይበልጥም፤ ለጀማሪ ግን ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ይበቃል። ታቹ ጠንካራ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ እግሩ ጭቃ ውስጥ አንዴ የሰመጠ ፈረስ አያምናችሁም። በተዳፋት በኩል በእርምጃ አስገቡት፣ ውስጡ አቁሙት፣ ይረጋጋ። በፊት እግሩ ውሃውን መምታት ከጀመረ ሊተኛ አስቧልና ቶሎ አንቀሳቅሱት። እርከንም እንዲሁ፦ መጀመሪያ ሽቅብ መውጣት፣ ቁልቁል መዝለል ኋላ። ሲወርድ ትከሻችሁን ቀና አድርጉ፤ ዛቡ በጣቶቻችሁ መካከል ይንሸራተት።

እምቢ ሲል ደግሞ በግራ ከሸሸ አቁሙት፣ ወደ ቀኝ አዙሩት፣ በዝግታ ተመለሱ። በሸሸበት በኩል ዞራችሁ ከመጣችሁ ሽሽቱን አጸደቃችሁለት። ከዚያ ምክንያቱን ጠይቁ፦ ፍጥነቱ በዛ? መስመሩ ተጣመመ? እጃችሁ ጎተተ? አለንጋ እዚህ ላይ ለደንባራ በቅሎ ቃጭል መጨመር ነው፤ ግንዱንም ምቱንም አብሮ ይፈራል። መሰናክሉን ዝቅ አድርጉ፣ ወይም ወደሚያውቀው ግንድ መልሱት።

አንድ ልምምድ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። ገና ጉልበት እያለው፣ ደህና የዘለለበት ላይ አቁሙ።

ውድድር ስትመዘግቡ ደግሞ በልምምድ ከለመደው ከ10 እስከ 20 ሴንቲሜትር ዝቅ ያለ ደረጃ ምረጡ። ቀዩ ባንዲራ በቀኝ፣ ነጩ በግራ ሆኖ ነው የሚያልፈው፤ የመጀመሪያው እምቢታ 20 የቅጣት ነጥብ ያስቆጥራል። ነጥቡን ለማዳን ብላችሁ አትግፉት። ሦስተኛው መሰናክል ላይ ጀርባው መድረቁ ከተሰማችሁ ወደ ሶምሶማ አውርዱት፤ ካልላላ እጃችሁን አንሥታችሁ ውጡ፣ የቀረውን መንገድ በእርምጃ መልሱት።